ከአንድ በርሜል ድፍድፍ ናፍጣ ብቻ ማውጣት ለምን አይቻልም?

ወፍጮ ቤት (ማቻከል)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወገኖች። በማቻከል ወረዳ በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ አለኝ። በእኛ በኩል ወፍጮው፣ ትራክተሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ከወንዝ ውሃ የሚስበው ሞተር፣ በመኸር ጊዜ ደግሞ ኮምባይነሩ ሁሉ ናፍጣ ፈላጊ ስለሆነ ሰልፉ የሚረዝመው በናፍጣ በኩል ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ናፍጣም፣ ቤንዚንም፣ ነጭ ጋዝም ከአንድ ድፍድፍ እንደሚወጡ ከመጽሐፉ አነበበልኝ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የውጭ ማጣሪያዎች እንደኛ ላለ አገር ድፍድፉን በሙሉ ናፍጣ አድርገው ለምን አይሸጡልንም? የሚከለክላቸው ዕቃው ነው፣ ገንዘቡ ነው ወይስ ድፍድፉ ራሱ? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ ለልጄም አነብለታለሁ።

መምህር ዘጊዮን (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የማስተምረው የኬሚካል ምህንድስና ነው፤ የእርስዎን ጥያቄ ግን ፈተና ካለፉ ተማሪዎቼ መካከል እንኳ የሚያነሣው ጥቂት ነው። በአጭሩ፣ መጀመሪያ የሚከለክለው ድፍድፉ ራሱ ነው፤ ዕቃውና ገንዘቡ የሚወስኑት ድፍድፉ ከያዘው ላይ ምን ያህሉን ማስለቀቅ እንደሚቻል ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶች የተደባለቁበት ነው። ጥቂት ካርቦን ያላቸው ውህዶች ቀላልና ቶሎ የሚተኑ ሲሆኑ፣ ብዙ ካርቦን ያላቸው ደግሞ ከባድና ወፍራም ናቸው። ባለ 3 እና ባለ 4 ካርቦኖቹ በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ይሆናሉ፤ ከ5 እስከ 12 ያላቸው በቤንዚን ክልል ይወድቃሉ፤ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ በ10 እና በ16 መካከል፣ ናፍጣ በአመዛኙ ከ12 እስከ 20 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ያሉት የሞተር ዘይት፣ ጥቁር ናፍጣ (ከተራው ናፍጣ የተለየ፣ ለትልልቅ ምድጃ የሚነድ ወፍራም ዘይት) እና ሬንጅ የሚሠራባቸው ናቸው። ድንበሮቹ እርስ በርስ እንደሚደራረቡ ልብ ይሏል።

እነዚህን ለመለየት የሚያገለግለው የመፍያ ሙቀታቸው ልዩነት ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መሠረቱን አይቶታል፤ ድፍድፉ ይሞቃል፣ ቶሎ የሚተነው ቀድሞ ይነሣል፣ ትነቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀማል። ይሁን እንጂ አረቄ አውጪዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ የቀረውን ለከብት ትሰጠዋለች፤ ማጣሪያው ግን ከቀላሉ ጋዝ እስከ ሬንጁ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እየለየ ማውጣትና ለእያንዳንዱ ገዢ ማግኘት አለበት። የጥያቄዎ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በማጠብ ነው። ድፍድፍ ከጉድጓድ ሲወጣ ጨዋማ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ጨዉ ሳይወገድ ቢሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጠርና ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ድፍድፉ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሲየስ ከሞቀ በኋላ ከንጹሕ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም ውሃው በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ ጨዉን ይዞ ተለይቶ ይወርዳል። የታጠበው ድፍድፍ በምድጃ ውስጥ በሚያልፉ ቱቦዎች 350 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ በላይ ይሞቅና ወደ ረጅም ማማ ግርጌ ይገባል።

በማማው ውስጥ ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ወለሎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረዋል። ትኩሱ ትነት ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ውህድ ወደ ፈሳሽነት በሚመለስበት ከፍታ ላይ ይቀራል። ከ200 እስከ 350 ዲግሪ የሚፈላው ናፍጣ ከመካከል ወደ ታች ባሉት ወለሎች ይቀዳል፤ ከ150 እስከ 275 የሚፈላው ነጭ ጋዝ ከእርሱ በላይ ነው፤ ከ30 እስከ 200 የሚፈላው የቤንዚን ክፍል ከአናቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል፤ ጋዙ ደግሞ ፈሳሽ ሳይሆን ያልፋል። ከ350 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ሳይተን ከግርጌ ይቀራል። ማማው የነበረውን ለየ እንጂ የፈጠረው ነገር የለም፤ በድፍድፉ ውስጥ የነበረው የናፍጣ ክፍል ሩብ ከሆነ፣ ከማማው የሚቀዳው ናፍጣም ያው ሩብ ነው።

ባጃጅ ዘቀበሌ 14 (ባሕር ዳር)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ባጃጅ ነጂ ስለሆንኩ የጋሼ ምኞት ቢሞላ ሥራ የምፈታ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ተቃራኒውን እመኛለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ድንበሮቹ የሚደራረቡ ከሆነ በመካከል ያለው ክፍል ለቤንዚን ይሁን ለናፍጣ የሚወስነው ማን ነው? ከግርጌ የሚቀረው ከባዱ ክፍልስ ከንቱ ነው ማለት ነው?

መምህር ዘጊዮን (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ የመካከሉን ክፍል የሚወስኑት ገበያውና የጥራት መስፈርቱ ናቸው። በ150 እና በ200 ዲግሪ መካከል የሚፈላው ወደ ቤንዚንም ወደ ነጭ ጋዝም ሊሄድ ይችላል፤ ነጭ ጋዙም በተራው ወደ ናፍጣ ሊጨመር ይችላል። ማጣሪያው የሚቀዳበትን ሙቀት ዝቅ ወይም ከፍ በማድረግ በጥቂት በመቶ ወደፈለገው ያዘነብላል። ከዚያ በላይ ልሂድ ቢል ግን መስፈርቱ ይይዘዋል፤ በናፍጣ ውስጥ ቀላሉ ሲበዛ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ከባዱ ሲበዛ ደግሞ በብርድ ጊዜ ሰም ይቋጥርና ፊልትሮ ይዘጋል።

ከግርጌ የሚቀረው ከንቱ አይደለም። በብዙ ድፍድፎች ግርጌው 40 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ይህን ያህል ነገር በጥቁር ናፍጣ ዋጋ የሚሸጥ ማጣሪያ ብዙ አይቆይም። ችግሩ ከ350 ዲግሪ በላይ አጥብቀው ቢያሞቁት ከመትነን ይልቅ እየተሰባበረ ወደ ከሰል መለወጡ ነው። መፍትሔው ሙቀቱን መጨመር ሳይሆን ግፊቱን መቀነስ ነው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው፤ በማጣሪያው ሁለተኛ ማማ ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት አንድ ሃያኛ በታች ስለሚወርድ ከባዱ ክፍል ሳያርር ይተናል። ከዚያም በኋላ አልተን ብሎ የሚቀረው ለመንገድ የሚነጠፈው ሬንጅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መለየት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ማጣሪያው መለወጥ ይጀምራል። ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያላቸውን ውህዶች ሰባብሮ አጭር ማድረግ ይቻላልና። አሜሪካዊው ዊልያም በርተን እ.ኤ.አ. በ1913 በሙቀትና በግፊት ብቻ የመሰባበሪያ ዘዴ አስመዘገበ፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ሁድሪ በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) የሚሠራ ዘዴ ፈጥሮ በ1937 በትልቅ ፋብሪካ ደረጃ ተተከለለት። ዛሬ በብዛት የምናየውና ካታሊስቱ እንደ ዱቄት ሆኖ በትነት የሚንሳፈፍበት ዘዴ በ1942 በሉዊዚያና፣ ባቶን ሩዥ ተጀመረ። ከ500 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከባዱ ዘይት ዚዮላይት ከተባለው ካታሊስት ጋር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይገናኝና ይሰባበራል። በካታሊስቱ ላይ የሚለጠፈው ካርቦን በሌላ ዕቃ ውስጥ ይቃጠላል፤ ከዚያ የሚገኘው ሙቀት ተመልሶ የመሰባበሩን ሥራ ያንቀሳቅሳል። ከማጣሪያ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ክፍል ነው፤ የገዛ ቆሻሻውን አቃጥሎ የሚሠራ ዕቃ በሌላ ፋብሪካ ብዙ አይገኝም።

ይህ ዘዴ የሚያደላው ለቤንዚን ስለሆነ የአንተ ወገን ነው። ለጋሼ የሚያደላው በከፍተኛ ግፊት ሃይድሮጅን እየጨመሩ መሰባበር ነው፤ ጥሩ ናፍጣ ይሰጣል፣ ዕቃውም ሃይድሮጅኑም ግን እጅግ ውድ ናቸው። ያም ቢሆን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አውሮፓውያን ለረጅም ዓመታት በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ሲያበዙ ገንዘቡም ዕውቀቱም አልጎደላቸውም ነበር፤ ማጣሪያዎቻቸው ግን ቤንዚን እያተረፉ ናፍጣ ያጥራቸው ስለነበር፣ ትርፉን ቤንዚን ወደ አሜሪካና ወደ አፍሪካ እየላኩ ናፍጣ ከውጭ ይገዙ ነበር። አሜሪካኖች በተቃራኒው ማጣሪያቸውን ለቤንዚን አመቻችተዋል፤ አንዱ የ159 ሊትር በርሜል ከ72 እስከ 76 ሊትር ቤንዚን፣ ከ42 እስከ 49 ሊትር ናፍጣ፣ ከ11 እስከ 15 ሊትር የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ቀሪውን ደግሞ በሌላ በሌላ መልክ ይሰጣቸዋል። ድምሩ 170 ሊትር ገደማ ይመጣል።

ሞጣ ቀራንዮ

መምህር፣ እስካሁን በጥሞና ተከተልኩ፤ እዚህ ላይ ግን ቆምኩ። 159 ሊትር ገብቶ 170 ሊትር የሚወጣበት ዕቃ ካለ ነጋዴው ሁሉ ወፍጮውን ትቶ ማጣሪያ ይከፍት ነበር። የቁጥር ግድፈት ነው ወይስ ውሃ ይጨመርበታል?

ቦቴ ነጂ (ደጀን)

መምህር ከመመለሱ በፊት እኔ ልግባ። ከጅቡቲ ነዳጅ የማመላለስ ሰው ነኝ፤ ሊትር እንደ ኪሎ የማይታመን መለኪያ መሆኑን የተማርነው በሂሳብ ሳይሆን በርክክብ ነው። ናፍጣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከመጠኑ 0.08 በመቶ ገደማ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል፤ ቤንዚን ከዚህም ይበልጣል። በጅቡቲ ሐሩር 45 ሺህ ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ ጎጃም ደጋ ላይ ደርሶ ነዳጁ በ20 ዲግሪ ከቀዘቀዘ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ከ700 ሊትር በላይ አንሶ ይታያል። ለዚህም ነው ሙቀቱና እፍጋቱ ተለክቶ መጠኑ በሰንጠረዥ ወደ አንድ መደበኛ ሙቀት የሚመለሰው። ይህን የማያውቅ ተረካቢ ሾፌሩን ሌባ ብሎ ያሳድረዋል። እና ወንድሜ ሞጣ፣ ሊትሩ ስለጨመረ ነዳጁ ጨመረ ማለት አይደለም።

መምህር ዘጊዮን (ባሕር ዳር)

ሾፌራችን መንገዱን ጠርጎልኛል። በማጣሪያው ጉዳይ ሊትሩን የሚለውጠው ሙቀት ሳይሆን የውህዱ ቅርጽ ነው። ከግርጌ የሚቀረው ከባድ ነገር አንዱ ሊትር ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን 0.74 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ከባድ ዘይት ተሰባብሮ ሙሉ በሙሉ ቤንዚን ቢሆን 1.35 ሊትር ገደማ ይሞላል ማለት ነው። በኪሎ ሲመዘን ግን የገባውና የወጣው እኩል ነው፤ ማጣሪያው ለራሱ ምድጃ የሚያቃጥለው ሲቀነስ እንዲያውም ለሽያጭ የሚተርፈው ከገባው ያንሳል።

የሰብል ባለሙያ (ቡሬ)

ወንድሞቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ከማማው የሚቀዳው ቤንዚን እንዲሁ ወደ መኪና ይገባል ወይስ ሌላ ሥራ ይቀረዋል? ደግሞም ድኝ ያለበት ድፍድፍ ርካሽ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ድኙ የት ይደርሳል?

መምህር ዘጊዮን (ባሕር ዳር)

እታለም፣ ሁለቱ ጥያቄዎችሽ በማጣሪያው ውስጥ የተያያዙ ናቸው።

ከማማው በቀጥታ የሚወጣው የቤንዚን ክፍል ለዛሬ ሞተር አይሆንም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ካንዴላው ሳይለኩሰው ራሱ እየፈነዳ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ይህን የመቋቋም ችሎታው ኦክቴን በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ኖርማል ሄፕቴን የተባለው ውህድ 0፣ አይሶ ኦክቴን የተባለው 100 ተደርገው ነው ልኬቱ የተሠራው። ድሮ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ የእርሳስ ውህድ ይጨመርበት ነበር፤ መርዛማነቱ እየታወቀ አገሮች አንድ በአንድ ሲተዉት ቆይተው በመጨረሻ አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መሸጥ አቆመች። ዛሬ ይህ ክፍል ፕላቲነም ባለበት ካታሊስት ላይ በ500 ዲግሪ አካባቢ እንዲያልፍ ይደረግና ቀጥ ያለው የካርቦን ሰንሰለት ወደ ቀለበት ይለወጣል፤ የኦክቴን ቁጥሩም ይጨምራል። ከአባይ ማዶ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተው ኢታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የነበረውም ነዳጅ ከመቆጠብ ባሻገር ኦክቴን ይጨምራል።

ሰንሰለቱ ቀለበት ሲሆን ሃይድሮጅን ይለቀቃል፤ ድኙን የሚያስወጣው ይኸው ሃይድሮጅን ነው። ናፍጣው ከሃይድሮጅን ጋር በግፊትና በሙቀት ካታሊስት ላይ ሲያልፍ ድኙ ከካርቦኑ ተላቅቆ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ ተሰብስቦ ወደ ቢጫ ደረቅ ድኝነት ይመለሳል። በአውሮፓ መስፈርት በአንድ ሚሊዮን ኪሎ ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ 10 ኪሎ ብቻ ነው። ድፍድፉ ከ0.5 በመቶ በታች ድኝ ካለው ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ይህ ሁሉ ድካም ስለሚቀንስለት ነው።

የድኙን መድረሻ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዓለም ላይ የሚሸጠው ድኝ አብዛኛው ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ የሚወጣ ነው፤ ዋና ገዢውም ሰልፈሪክ አሲድ ሠርቶ የፎስፌት ድንጋይ የሚያሟሟው የማዳበሪያ ኢንዱስትሪ ነው። ለገበሬው የምታድሉት ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያም የመጨረሻ ፊደሉ ድኝ ነው።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ልጆቼ፣ ነጭ ጋዙን ረሳችሁት። ማጣሪያ ሲፈጠር ቤንዚንም ናፍጣም የፈለገ አልነበረም፤ የተፈለገው የመብራት ዘይት ነበር። ኢግናትሲ ሉካሴቪች የተባለው የመድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1853 በሌቪቭ ከተማ በነጭ ጋዝ የሚበራ ፋኖስ ሠራ፤ በዚያው ዓመት በከተማው ሆስፒታል ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገበት። በአሜሪካ ድሬክ በ1859 በታይተስቪል ጉድጓድ ሲያስቆፍርም የሚፈልገው ይህንኑ የመብራት ዘይት ነበር። ቤንዚኑ በዚያ ዘመን በየወንዙ የሚደፋ ጣጣ ነበር፤ ዋጋ ያገኘው መኪና ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድን ክፍል ብቻ ፈልጎ በሌላው መቸገር የጋሼ ብቻ ሳይሆን የዘርፉ የመጀመሪያ ችግር ነው።

የማነሣው ግን ለታሪክ ብቻ አይደለም። በየገጠሩ ኩራዝ አሁንም ይበራል፤ በየመንገዱም በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ይሸጣል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ በክብሪት ሊቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ ነጭ ጋዝ በመስፈርቱ ከ38 ዲግሪ በታች እንዲህ አይሆንም፤ ናፍጣ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጥቂት ቤንዚን የገባበት ነጭ ጋዝ በኩራዝ ውስጥ ሲሞቅ ቤት የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በየአገሩ ለመብራት ዘይት የመቀጣጠያ ሙቀት ሕግ የወጣለት ብዙ ሰው በፋኖስ ፍንዳታ ካለቀ በኋላ ነው።

በሌላው አቅጣጫ፣ ነጭ ጋዝ ሲረክስ ናፍጣ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ይህ እሳት አያስነሣም፤ ነገር ግን ነጭ ጋዝ ቀጭን ስለሆነና እንደ ናፍጣ ስለማያለሰልስ የሞተሩን ፖምፓና ኖዝል ይፍቃል። ጋሼ፣ ወፍጮዎ ጉልበት አንሶት ከሆነ ሰልፉን ብቻ አይውቀሱ።

አወያይ

ስለ ነዳጅ ዋጋና ስለ ማደያዎች አስተዳደር የተጻፉ መልሶች ወደ ሌላ ክር ተዛውረዋል። እዚህ ስለ ማጣራቱ ብቻ ይቀጥል።

ወፍጮ ቤት (ማቻከል)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለልጄ አንብቤለት አሁን እርሱ ለእኔ ያስረዳኛል። ነጭ ጋዝ ስለተቀላቀለበት ናፍጣ የተባለው በእኔም ደርሷል፤ ባለፈው ክረምት ፖምፓ አስቀይሬያለሁ። ይቅር ካላችሁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የራሳችን ማጣሪያ አሰብ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። እርሱ ቢኖር ኖሮ ድርሻውን እኛ አንወስንም ነበርን?

የድሮ የአሰብ ሰው (ደብረ ማርቆስ)

አያ ወፍጮ ቤት፣ በወጣትነቴ በአሰብ በኩል እንጀራ በልቻለሁና ልመልስ። ማጣሪያውን የሠሩት ሶቪየቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ቆመ። አቅሙ በቀን 18 ሺህ በርሜል ገደማ ነበር። ድፍድፉ ያው ከውጭ በመርከብ የሚገዛ እንጂ የእኛ አልነበረም፤ የሚመጣው ድፍድፍ ደግሞ መምህር እንዳሉት የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። እኛ ናፍጣውን ጠጥተን የማንጨርሰውን ከባዱን ጥቁር ናፍጣ መልሰን ወደ ውጭ እንልክ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከተገዛበት ድፍድፍ በታች የሚሸጥ ዕቃ ነው። በስተመጨረሻ የተጣራውን መግዛት ስላዋጣ ተዘጋ። ማጣሪያ ስላለህ ድርሻውን ትወስናለህ ማለት አይደለም፤ የሚወስነው ከማማው ቀጥሎ የምትተክለው መሰባበሪያ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለትንሽ ማጣሪያ ወጪውን አይመልስም።

ጮቄ ሥር (ሰዴ)

አባቴ፣ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ዘመኑ ተለውጧል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ተመርቆ በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ ተጀምሯል። ናይጄሪያም ለዓመታት ድፍድፍ እየሸጠች ቤንዚን ስትገዛ ኖራ በሌጎስ አጠገብ በቀን 650 ሺህ በርሜል የሚያጣራ የዳንጎቴ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ናፍጣና ቤንዚን ማምረት ጀመረ። እኛ ለምን እንፈራለን?

መምህር ዘጊዮን (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ መፍራት አይደለም፤ የትኛውን ምሳሌ እንደምንወስድ ማየት ይገባናል። የዳንጎቴው የአሰብን 36 እጥፍ ያህላል፤ በዚያ መጠን መሰባበሪያውም፣ የድኝ ማውጫውም፣ ፕላቲነሙም ዋጋቸውን ይመልሳሉ። በሞምባሳ የነበረው የኬንያ ማጣሪያ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ ከውጭ በሚመጣ ድፍድፍ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆሟል፤ የአሰብ እጣ ነው የገጠመው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የሱዳን ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመርቆ በኋላም አቅሙ በቀን ወደ 100 ሺህ በርሜል አድጎ፣ ከባሕር ርቆ ቢቀመጥም የአገሩን ድፍድፍ በቧንቧ ስለሚያገኝ ያዋጣ ነበር፤ በቅርቡ ጦርነት እስኪጎዳው ድረስ። ጎጃምና ጎንደር ያለን ሰዎች በመተማ በኩል ይገባ የነበረውን የሱዳን ቤንዚን እናስታውሳለን።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ከጉድጓዱ የሚወጣው ምንና ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ከጋዝ ጋር ተያይዞ የሚወጣ ቀላል ፈሳሽ በባሕርዩ ወደ ቤንዚን የሚያደላ ስለሆነ ባጃጆችን እንጂ ወፍጮዎችን ብዙ አይጠቅምም። የኡጋንዳው ድፍድፍ በተቃራኒው ሰም የበዛበት ስለሆነ ወደ ታንዛኒያው ታንጋ ወደብ የሚዘረጋለት 1443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እንዳይረጋ እየሞቀ የሚሄድ ነው። ጎዴ ምን እንደሚሰጠን የሚነግረን የማጣሪያው መጠን ሳይሆን የድፍድፉ ምርመራ ነው። በእኔ አስተያየት የናፍጣ ሰልፍን ለማሳጠር ከማጣሪያው በፊት የሚቀርበው ወፍጮዎቹን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው፤ ጋሼ ግን መስመሩ እስኪደርስዎ ናፍጣ ያስፈልግዎታል።

ወፍጮ ቤት (ማቻከል)

መስመሩ ከመንደራችን ደርሷል፤ ሦስት ፌዝ ግን አልመጣም። እስከዚያው ድረስ የምገዛው ናፍጣ ነጭ ጋዝ እንዳልተጨመረበት በቤቴ የማውቅበት መንገድ አለ? ሰዎች በመዳፍ አሽተው ወይም አሽትተው ይፈርዳሉ።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ፣ በማሽተት አይፈረድም፤ እሳት አስነክቶ መሞከርም ፈጽሞ አይገባም። የሚረዳዎ እፍጋቱን መለካት ነው። ናፍጣ በማማው ውስጥ ከነጭ ጋዝ በታች የሚቀዳ ስለሆነ ይከብዳል፤ በ15 ዲግሪ አንዱ ሊትር በአመዛኙ ከ0.82 እስከ 0.86 ኪሎ ይመዝናል፣ ነጭ ጋዙ 0.80 አካባቢ ነው። ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጮች ከ0.80 እስከ 0.90 የሚያነብ የመስታወት ሃይድሮሜትርና ቴርሞሜትር ይግዙ። ጥሩ መሆኑን ካመኑበት ናፍጣ ላይ ለክተው ቁጥሩንና ሙቀቱን ይጻፉ፤ ቀጣዩን ግዢ በዚያው ሙቀት ለክተው ያነጻጽሩ። ጥቂት ነጭ ጋዝ ቢቀላቀል ለውጡ ትንሽ ስለሆነ በዚህ አይያዝም፤ ሩብና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቁጥሩ ወርዶ ያዩታል።

ቦቴ ነጂ (ደጀን)

በዚህ ላይ ውሃውን አይርሱ፤ ከነጭ ጋዙ ይልቅ ፖምፓ የሚገድለው እርሱ ነው። በርሜሉን በአንድ በኩል ጥቂት አዘንብለው ሌሊቱን ያሳድሩት፣ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይወርዳል፤ መሳቢያውን ቱቦ ደግሞ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው በከፍተኛው ጫፍ በኩል ያስገቡት። ከግርጌ የቀረውን በመስታወት ብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡት፤ ከታች ተለይቶ የሚቆም ንጣፍ ካዩ ያንን ወደ ሞተሩ አያስገቡት።